አንድ ቁራሽ ለቄስ ያረጋል

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ወርዳችሁ «ጾም የምትውጠዋ ሴትዮ ቤት የት ነው?» ብትሉ የትኛውም ባጃጅ እኔ በር ላይ ያወርዳችኋል። ስሜ ዓባይነሽ ነው። ያንን ቅጽል ስም ያወጡልኝ እነማን እንደሆኑ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ግማሾቹ ደንበኞቼ ናቸው።

የምሸጠው ሻይና ቶስት ነው። ቶስቴ ምንም ምሥጢር የለውም። ዳቦ እቆርጣለሁ፣ ከሰል ላይ አደርቀዋለሁ፣ አቮካዶ እቀባዋለሁ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከትፌ እበትንበታለሁ፣ ሎሚ እጨምቅበታለሁ። ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት፣ እንቁላል የለበት። ጠቡ ከምግቡ ጋር ሳይሆን ከሰዓቱ ጋር ነው። በሁዳዴ አገሩ በሙሉ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን አፉን ዘግቶ ይውላል፤ እኔ ጠዋት በሦስት ሰዓት አንድ ቁራሽ እበላለሁ። ስኳር አለብኝ፣ ኪኒን እውጣለሁ፣ ኪኒኑ ባዶ ሆድ ካገኘ ሰው ይጥላል። አለቀ። ይህን ለማስረዳት የማንንም ጉልበት አልስምም።

ድሮ የምሠራው እንዲህ አልነበረም። ነጭ ፉርኖ ነበር፣ በሚረጋ ዘይት የተጠበሰ፣ ጨው የተነሰነሰበት። ለሹፌሮቹ ሦስት ሦስት አቀርባለሁ፣ የተረፈውን እኔ እጨርሳለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የውኃ ጥም አላስቀምጥ ሲለኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ፀደንያ የምትባል ነርስ ጣቴን ወግታ ቁጥሩን አየችና «እትየ፣ ቁርስ ምን ይበላሉ?» አለችኝ። በኩራት ነገርኳት። ልጅቷ ፈገግም አላለች። ነጩ ዳቦ ሆድ ውስጥ ገብቶ ስኳር ለመሆን ጊዜ እንደማይፈጅበት፣ ዘይቱ የደም ሥር እንደሚያጠብ፣ ጨው ግፊቴን እንደሚያባብሰው፣ ያረረው ጠርዝም እንደማይበጅ ነገረችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ያበላሁት ሕዝብ ሞቷል?» ብዬ ጮኼባት ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ጎረቤት እግሬን እያየ «ምነዋ ዓባይነሽ፣ ጫማሽስ?» አለኝ። የግራ እግሬ ጫማ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል፤ እግሬ ደንዝዞ አላወቅሁም። ያን ዕለት ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ዳቦውን ራሴ እጋግር ጀመር፤ ስንዴውን አስፈጭቼ ሳልነፋ፣ ገብስ ቀላቅዬበት። ዘይቱን ተውኩ። አቮካዶውን ኡምሀኒ ከቡሬ ታስመጣልኛለች፤ ጉሊቷ ከበሬ ፊት ለፊት ነው፤ መንገድ ካልተዘጋ በቀር አስቀርታብኝ አታውቅም። ለፀደንያ ወስጄ አስቀመስኳት። አኘከች፣ አሰበች፣ «አሁን ተሻለ» አለች። «አቮካዶውና ያልተነፋው ዱቄት ስኳሩ በአንዴ እንዳይወጣ ያደርጉታል። ግን እትየ፣ ዳቦ ዳቦ ነው፣ አቮካዶውም ቅባት ነው። አንድ ቁራሽ ብቻ። ደግሞ ምሳ አድርገው እንዳይቆጥሩት፤ ምሳ ላይ ባቄላ ወይ ሽምብራ ይብሉ።» አንድ ቁራሽ! ለእኔ፣ ሦስት ለምጨርሰው! ግን ጫማዬን አስታወስኩና እሺ አልኩ።

የመጀመሪያው ሁዳዴ ሲገባ ለንስሐ አባቴ ለቄስ ያረጋል ነገርኳቸው። ደብራቸው ከከተማ ወጣ ብሎ ወደ ጅጋ መንገድ ነው። ጊዜ አልፈጁም። «ብይ ልጄ» አሉኝ። «ጾም የታዘዘው ለጤነኛ ነው። መድኃኒት እየወሰድሽ ብትጾሚ ራስሽን መግደል ነው።» መስቀላቸውን ስሜ ወጣሁ። ለሌላውም በሽተኛ እንዲሁ ነው የሚሉት፤ ብዙ ሰው ፈቃድ ተቀብሎ መጣልኝ።

መጣ፣ ግን ማን ይየው? ሰው መታመሙን ከሚያውቁበት መስረቁን ቢያውቁበት ይሻለዋል። ስለዚህ ከቤቴ ወደ ኋላ መጋረጃ ሰቀልኩ፤ ሰማያዊ፣ አበባ ያለበት። ጠዋት ጠዋት ከመጋረጃው በስተጀርባ ስኳር ያለበት፣ ጨጓራው የቆሰለ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ተሰልፈው ይቀመጣሉ፤ ሲያኝኩ እንኳ ድምፅ እንዳይሰማ ይጠነቀቃሉ። ባለፈው ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ስለገቡ ኡምሀኒም ትመጣ ነበር፤ እሷም ስኳር አለባት። እሷ ክርስቲያኖቹን አላየሁም ትላለች፣ ክርስቲያኖቹ እሷን አላየንም ይላሉ፣ ጉልበታቸው ግን አንድ አግዳሚ ላይ ይነካካል። እኔም ከእነሱ ጋር ተደብቄ ነበር የምበላው። አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ያን ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ለቀጠሮዬ ጤና ጣቢያ ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ በጋቢ እስከ አፍንጫቸው ተሸፋፍነው ተቀምጠዋል። ጥምጥም የለም፤ የሱፍ ኮፍያ አጥልቀዋል። ሳሉ። ያቺን ሳል ሃያ ዓመት በስብከት መሐል ሰምቻታለሁ። ጎንበስ ብዬ «ቄስ ያረጋል?» ስላቸው ዘለው ሊነሡ ምንም አልቀራቸው። ስኳር ከያዛቸው አምስት ዓመት እንደሆናቸው ነገሩኝ፤ ለሚስታቸውም አልነገሩም። «እንግዲያ በሁዳዴ ጠዋት ይበላሉ?» አልኩ። ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። «ኪኒኑንስ?»

«ኪኒኑን እውጣለሁ። እሱ ምግብ አይደለም» አሉኝ። «የቅዳሴ ተራዬ በሆነበት ሳምንት ብቻ እተወዋለሁ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እኔን «ራስሽን መግደል ነው» ያሉኝ ሰው ለሐኪሙም ግማሽ ለጾሙም ግማሽ ታዝዘው በመሐል ራሳቸውን ሊገድሉ ነው። ልናገር አፌን ስከፍት መስቀላቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡ። «ዓባይነሽ፣ ይህን ነገር ለማንም ብትናገሪ በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቼሻለሁ።»

ግዝት የማያውቅ ሰው ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል። ግዝቱን ካፈረስኩ የገዘተኝ ካህን ካልፈታኝ በቀር ቤተ ክርስቲያን አልገባም፣ ጸበል አልጠጣም፣ ብሞት እንኳ የሚፈታኝ ይፈለጋል። አፌን ዘጋሁ።

ጾሙ ገባ። ቄስ ያረጋል በየቀኑ በእኔ በር በኩል ወደ ገበያ ሲወርዱ አያቸዋለሁ። ፊታቸው አመድ እየመሰለ ሄደ። «ቄሴ፣ ሻይ ልበልዎት?» እላለሁ፤ «ሲመሽ» ይላሉ። አንድ ጠዋት አንዲት ቁራሽ በወረቀት ጠቅልዬ ኪሳቸው ልከት ስል እጄን እንደ ሌባ እጅ ያዙኝ። «ልጄ፣ እኔ ጠዋት ስበላ የታየሁ ዕለት በሽታ ነው ብሎ የሚያምን አንድም ሰው የለም። ሆዳም ቄስ ነው የሚሉኝ።»

«ይበሉዋ! ሆዳም ተብሎ የሞተ ሰው አላየሁም» አልኳቸው። ተቆጥተው ሄዱ።

በጾሙ አራተኛ ሳምንት፣ ዓርብ ቀን፣ አራት ሰዓት ገደማ ደጃፌ ላይ ወደቁ። መጀመሪያ ከኡምሀኒ ቲማቲም ጋር ሲጣሉ ሰማሁ፤ ትርጉም የሌለው ነገር ይናገራሉ፣ ልብሳቸው በላብ ርሷል። ከዚያ መሬት ላይ ተዘረሩ። ሮጬ ደረስኩ፣ ሰዉም ደረሰ። ደስታነሽ፣ ጎረቤቴ፣ የጽዋ ማኅበራችን መሪ፣ «ሙሴ» የምንላት፣ የጸበል ጠርሙስ ይዛ መጣችና ፊታቸው ላይ ትረጭ ጀመር። «ሰላቢ ጋኔን ነው የጣላቸው! ጠጋ አትበሏቸው!» ትላለች።

መጋረጃዬን በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት። ከነሽቦው ወረደ። አጣጥፌ ከራሳቸው ሥር አደረግሁት። ዞር ስል አግዳሚው ላይ የነበሩት በሙሉ ከነጉርሻቸው ሕዝብ ፊት ተጋልጠዋል፤ ከጅጋ የሚመጣው ስኳር ያለበት ሽማግሌ፣ አያ ይርሳው፣ ቁራሹን አፉ አድርሶ እንደ ሐውልት ቀርቷል። ይቅርታ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም። ሻይ ቀድቼ አራት ማንኪያ ስኳር ጨመርኩ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ደስታነሽ። «ቄሱን ጾም ልታስገድፊ?»

«ዞር በይ።»

«በሁዳዴ! በአራት ሰዓት! ዓባይነሽ፣ አንቺ የዋጥሽው አነሰሽና ካህን ታስገድፊ?» ክንዴን ይዛ አላስጠጋ አለችኝ፤ ሌሎቹም ከኋላዋ ቆሙ። የቄሱ ከንፈር ነጥቷል። ዓይናቸው ክፍት ነው፣ መዋጥ ይችላሉ፣ ግን ደቂቃ ካለፈ እንደማይውጡ ፀደንያ አስተምራኛለች። ያን ጊዜ ግዝቱን አሰብኩ። ረጅም ጊዜ አላሰብኩም።

«ስኳር አለባቸው!» ብዬ ጮኽኩ። «አምስት ዓመታቸው ነው! ጠዋት ኪኒን ውጠው ባዶ ሆዳቸውን ነው የመጡት፤ ስኳራቸው ወርዶ ነው! ማየት የፈለገ ይይ፣ መጮኽ የፈለገ ይጩኽ፣ ክንዴን የያዘ ግን ሙቅ ሻይ ነው የምደፋበት!»

ደስታነሽ ለቀቀችኝ። በማንኪያ አጠጣኋቸው፣ ቀስ እያልኩ። ብርጭቆው ሲጋመስ ላቡ ቆመ፣ ዓይናቸው ሰው መለየት ጀመረ። ሻዩ ቶሎ አንሥቶ ቶሎ ስለሚጥል የሚያቆያቸው ነገር ያስፈልጋልና ግማሽ ቁራሽ ቶስት በእጄ አጎረስኳቸው። አኘኩ፣ ዋጡ። ከዚያ ነው የት እንዳሉ ያወቁት። አፋቸው ላይ የቀረውን አቮካዶ በጋቢያቸው ጠረጉ፣ ሰዉን አዩ፣ እኔን አዩ። በትራቸውን ተደግፈው ሄዱ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሜ አስቀደስኩ። ተገዝቻለሁና አልገባሁም። ዝናብም መታኝ።

ከሁሉ የከፋው ግን ግዝቱ አልነበረም። ሰዉ ቄስ ያረጋልን ሆዳም ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ጭራሽ ጻድቅ አደረጋቸው! ደስታነሽ በየቤቱ እየዞረች «አምስት ዓመት በስኳር ታመው አንዲት ቀን ሳይገድፉ! ያችስ ቁራሽ ያቺ ሴትዮ በግድ ያጎረሰቻቸው ናት፣ በሳቸው አትቆጠርም» ትላለች። በሳምንቱ አግዳሚዬ ባዶ ሆነ። ነፍሰ ጡሯ ቀረች፣ ጨጓራው የቆሰለው ቀረ። አያ ይርሳውን መንገድ ላይ አገኘሁት። «ምነዋ አያ ይርሳው፣ ጠፋህሳ?»

«ኸንግዲህ ይብቃኝ ልጄ» አለኝ። «ቄሴ እያመማቸው ኸጾሙ፣ እኔ ኸሳቸው በምን እበልጣለሁ?»

«ኪኒኑንስ?»

«እሱንማ እውጣለሁ። ሐኪም አይናቅ።»

ረቡዕ ዕለት የባጃጅ ሹፌሩ ክንዱ አያ ይርሳውን ከሽንኩርት መደቡ ላይ ወድቆ አግኝቶ በባጃጁ ይዞት መጣ። ሆስፒታል ገባ። ነፍሱ ተረፈች፤ ሁለት ቀን ግን ልጆቹን አላወቀም ነበር። የነገረኝ ራሱ ክንዱ ነው። ሰምቼ ስጨርስ «ባጃጁን አታጥፋ» አልኩትና ቄስ ያረጋል ቤት ውሰደኝ አልኩት።

መደብ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። እግራቸው ተጠቅልሏል፤ ቁስል አውጥተዋል፣ ቀጠሯቸውንም እንደቀሩ ከፀደንያ ሰምቻለሁ። ሲያዩኝ ዳዊቱን ዘግተው ፈገግ አሉ፤ አሸንፈው የጠበቁኝ መሰላቸው። «መምጣትሽ አይቀርም ብዬ ነበር። ነይ ተንበርከኪ፣ ልፍታሽ። ለነፍሴ ብለሽ እንዳደረግሽው አይቻለሁ» አሉና መስቀላቸውን አነሡ።

ሁለት ሳምንት ከቅጥሩ ውጭ ቆሜያለሁ። ያን መስቀል እንዴት እንደናፈቅሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ራሴን ወደ ኋላ ሳብኩ።

«አይፍቱኝ» አልኳቸው።

መስቀሉ አየር ላይ ቀረ። ሚስታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ምን አልሽ?»

«አይፍቱኝ አልኩ። አያ ይርሳው ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሰምተዋል? ማን እንደጣለው ያውቃሉ? ቄሴ ከጾሙ እኔ በምን እበልጣለሁ ብሎ ነው። እርስዎ ነዎት የፈቀዱለት፣ እርስዎ ነዎት የከለከሉት። በአፍዎ ብይ፣ በሆድዎ አትብይ ይላሉ። ሰው የሚያምነው ሆድዎን ነው።»

«ዓባይነሽ፣ ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም! ደንግጬ አይደለም የመጣሁት፣ ተናድጄ ነው። ሆዳም ይሉኛል ብለው ፈርተው ነበር፤ አሁን ደግሞ ጻድቅ ሲሉዎት ጣፈጠዎት? እሱም እኮ ስኳር ነው፣ ቄሴ፤ እሱም ይገድላል።» ይህን ስል እንባዬ መጣ፤ አልጠረግሁትም። «ሰኞ በሦስት ሰዓት ቤቴ ይምጡ። ቶስቱን ጠቅልዬ አላመጣልዎትም፣ መጋረጃም የለኝም፣ ከበሩ ፊት ያለው ወንበር ነው ያለው። ሰው እያየዎት ይበሉ፣ ያን ጊዜ ይፈቱኛል። ካልመጡም እንደተገዘትኩ እኖራለሁ፤ እንደተገዘትኩ ልቀበር።»

ዳዊታቸውን መልሰው ገለጡ። ሚስታቸው ሸኙኝ፤ በር ላይ እጄን ጨብጠው «ስኳር ነው እንዴ?» አሉኝ በሹክሹክታ። ከተማው ሁሉ ያወቀውን እሳቸው ከእኔ ነው የሰሙት። ቄሱን እንደገና ልመለስና ልጮኽባቸው ምንም አልቀረኝ።

ሰኞ ጠዋት ከሰሉን አቀጣጠልኩ። ወንበሩን ከበሩ ፊት አወጣሁ፣ ሁለቴ ወለወልኩት። ኡምሀኒ ከጉሊቷ ሆና «ይመጣሉ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት። ሦስት ሰዓት ሆነ። ደስታነሽ ወሬውን ከየት እንደሰማች አላውቅም፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከመንገዱ ማዶ ቆማለች። ብቻዋንም አይደለችም። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ዳቦው ከሰሉ ላይ ጠርዙ ሊያር ሲል አነሣሁት። ሆዴ ባዶ ነበር፤ የራሴን ቁራሽ ቆሜ በላሁ፣ ማዶ ላሉት ፊቴን ሰጥቼ።

የክንዱ ባጃጅ መጣ። ቄስ ያረጋል ወረዱ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ካባቸውን ደርበው፣ ለበዓል እንደሚወጡ ሆነው። ሚስታቸው ከኋላ የኪኒኑን ብልቃጥ እንደ ጽዋ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ቄሱ ወንበሩን አዩት፣ ማዶውን አዩት፣ ተቀመጡ።

ትኩስ ዳቦ አድርቄ፣ አቮካዶውን ቀብቼ፣ ቲማቲሙን በትኜ አቀረብኩላቸው። ኪኒኗን በውኃ ዋጡ። ቁራሹን አንሥተው አማተቡበትና ማዶ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ስኳር አለብኝ» አሉ። «አምስት ዓመት ሸሽጌያለሁ። በትዕቢት ነው እንጂ በጾም አይደለም። የታመማችሁ ሁሉ ብሉ።» ከዚያ ነከሱት።

ሲያኝኩ የደረቀው ዳቦ ድምፅ እስከ ጉሊቶቹ ይሰማል። ጨርሰው ጣታቸውን ጠረጉ፣ መስቀላቸውን አወጡ። ተንበረከክሁ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ፤ መስቀሉ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ የሎሚ ሽታ ነበረው። እዚያው እያለቀስኩ ትንሽ ቆየሁ።

ስነሣ አያ ይርሳው ከልጁ ጋር በሩ ላይ ቆሟል፣ ከሆስፒታል በወጣ በማግስቱ። ነፍሰ ጡሯም ከኋላው ናት። ከፊት ለፊት የሚቀመጡበት ሌላ ወንበር ስለሌለ አግዳሚውን ራሴ እየጎተትኩ ወደ በሩ አወጣሁት።

ቄስ ያረጋል ሰሐኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «ልጄ፣ ይህስ ይጣፍጣል። እስቲ አንድ ድገሚኝ።»

«አይሆንም» አልኳቸው።

«እንዴት አይሆንም?»

«አንድ ቁራሽ ነው። ዳቦ ዳቦ ነው፣ ቄሴ።»

ሕዝቡ ያያል፣ ሚስታቸው ብልቃጡን ይዘው ያያሉ። «እኔ እኮ የንስሐ አባትሽ ነኝ» አሉ፤ እጃቸው ወደ መስቀሉ ሄደ።

ሰሐኑን አነሣሁት። «ከፈለጉ እንደገና ይገዝቱኝ» አልኳቸው፤ «ሁለተኛውን አልሰጥም።»